ከእናቴ ጋር ወደ ግሽ ዓባይ

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ እናቴ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስልኳ ቻርጅ እንዳለው ነበር። ስልኩ አሮጌ ባለቁልፍ ኖኪያ ነው፤ በነጭ መሐረብ ጠቅልላ፣ መሐረቡን ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም፤ ስትተኛ ትራሷ ሥር ታደርገዋለች፣ ቅዳሴ ስትቆምም ድምፁን አጥፍታ በመዳፏ እንደ ጨበጠችው ትቆማለች። ታናሽ ወንድሜ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ይህ ብቻ ነው።

ወንድሜ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለማናችንም ሳይናገር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ሊቢያ ውስጥ በአጋቾች እጅ እንደ ወደቀ ያወቅነው በሐምሌ ወር፣ እየደበደቡት ጩኸቱን በስልክ እያሰሙ 180,000 ብር በጠየቁን ጊዜ ነው። አባታችን ትቶልን ያለፈውን ሚኒባስ ሸጥን፣ የጎደለውን ከዘመድና ከጎረቤት ተበደርን፣ ገንዘቡም ተላከ። ነሐሴ 14 ቀን ማታ ደውሎ «ደርሷቸዋል እማዬ፣ ሊለቁኝ ነው፣ አይዞሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። አምስት ወር ሙሉ እናቴ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያላንኳኳችው በር የለም። በገና ማግስት ጠርታኝ «የቀረኝ የግሽ ዓባይ ጸበል ብቻ ነው፤ እናቴ እኔን ለመውለድ የተሳለችው እዚያ ነው፤ ውሰደኝ» ስትለኝ እምቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም።

ስለ ራሴ እውነቱን መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ከጥቅምት ወዲህ አንዲት ጸሎት መጨረስ አቅቶኛል። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምርና «ፈቃድህ ትሁን» ከሚለው ስደርስ ዝም እላለሁ። ፈቃዱ ምን ሊሆን እንደሚችል እየፈራሁ፣ ያን ቃል መናገር በወንድሜ ሞት ላይ እንደ መፈረም ይመስለኝ ነበር።

ጫንጮን፣ ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከላይ የነበረው ብርድ ታች ሲደርሱ ወበቅ ይሆናል፣ የጭነት መኪኖቹ ፍሬን የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ዝንጀሮዎቹም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አላፊውን ያያሉ። እናቴ መስኮቱን ይዛ በለሆሳስ መዝሙረ ዳዊቷን ትደግም ነበር፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ «አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ» የሚለው ላይ ደርሳለች። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ጥልቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ግን የገባኝ ዛሬ፣ ግራና ቀኝ የገደሉን ግድግዳ እያየሁ፣ ከዚያ የሚጮኽ ሰው ማን ይሰማዋል ብዬ ባሰብኩ ጊዜ ይመስለኛል። ድልድዩን ስንሻገር ወንዙ በበጋ ቀጥኖ፣ ጭቃ መስሎ ከታች ይታይ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አማተበች።

ደጀን ከወጣን በኋላ ያለው ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ገሚሱ ተወቅቶ፣ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። ሉማሜን አልፈን ቀድሞ መንቆረር ትባል ወደ ነበረችው ደብረ ማርቆስ የገባነው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። «እታለም፣ ከስተሽ የለም እንዴ!» ብላ እናቴን አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ፣ እናቴ በአንድ እጇ አቀፈቻት፤ በሌላው እጇ ቋጠሮውን ይዛ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 10 ቀን፤ ከተራ

የጥምቀት ገሀድ ስለ ሆነ ቤቱ ሁሉ ጾም ነው። ጠዋት ከአክስቴ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሰማንና ወጣን። ዕድሜው ከ12 የማይበልጥ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ቆሟል፤ እግሩ ተሰነጣጥቋል፣ ውሻ ሲያባርርበት የኖረው በትር ከእሱ ይረዝማል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና እንዲህ ያለ ልጅ በየደጁ መቆሙ ለአገሬው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የነገ መምህር ዛሬ እንዲህ ለምኖ ነው የሚማረው። እናቴ ከአክስቴ እጅ እንጀራውን ተቀብላ ራሷ በአኮፋዳው ውስጥ አደረገችለት፤ ከዚያም «አገርህ ሩቅ ነው ልጄ?» አለችው። «ሩቅ ነው፣ እማማ።» «እናትህ ያለህበትን ታውቃለች?» ልጁ መሬት መሬት እያየ «አታውቅም፣ እግዜር ያውቃል» አለና እንደ ልማዱ መርቆ ሄደ። እናቴ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆየች። ወደ ቤት ስትመለስ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለእኔም ልጅ አንዲት እናት እንዲህ ትዘረጋለት ይሆናል።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ሊያጽናኑን መጡ። አብዛኞቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን መጠው፣ «እግዜር ያምጣው» ብለው ሄዱ። አንዲት ሴት ግን እናቴን ትኩር ብላ እያየች «ጸሎትሽ ያልተሰማው እምነት ጎድሎሽ እንዳይሆን፤ ንስሐ ያልገባሽበት ነገርም ይኖር እንደሁ መርምሪ» አለቻት። እናቴ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው፦ ይህ ማጽናናት አይደለም፤ በቆሰለ ሰው ላይ ድንጋይ መጫን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩት ሲቀሩ መልካም አድርገው ነበር፤ የበደሉት የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። በእግዚአብሔር መታመን እንደ ገበያ ሚዛን ሆኖ፣ እምነት ያበዛ ልጁን ተቀብሎ እምነት ያሳነሰ ባዶ እጁን የሚመለስበት ነገር ከሆነ፣ የልጆቻቸውን ሞት በዐይናቸው ያዩ ቅዱሳን እናቶች ሁሉ ምን ሊባሉ ነው?

ማታ ታቦታቱ በእልልታና በዝማሬ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወረዱ። እኛም ሸኝተን ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ጥር 11 ቀን፤ ጥምቀት

ሌሊት ተነሥተን ሄድን። ውኃው ተባርኮ ካህናቱ ሲረጩ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ፊት እየሰጠ ተጋፋ፤ እናቴ ግን ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ጎንበስ አለች። ጸበሉ እንዲደርሳት ትፈልጋለች፣ ስልኩ እንዲርስ ደግሞ አትፈልግም። ጥቂት ጠብታ ትከሻዋ ላይ ብቻ ነካት። ቀኑን ሙሉ ከተማው በጭፈራ ሲናወጥ እኛ ለነገው መንገድ ዳቦ ቆሎ ስናዘጋጅ ዋልን።

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን፤ ቃና ዘገሊላ

በጠዋት በሚኒባስ ተነሣን። አማኑኤልን፣ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን ቲሊሊ ስንደርስ ከዋናው መንገድ ወርደን ወደ ሰከላ የሚሄደውን መኪና ያዝን። መኪናው አሮጌ አይሱዙ ነው፤ የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ቡሩክ ክብረ በዓል ነገ ጥር 13 ስለሚውል ውስጡ በተሳላሚ ሞልቷል። መንገዱ ጥርጊያ ነው፤ ዳገት በወጣን ቁጥር ብርዱ ይበረታል፣ ገብሱና የድንች ማሳው፣ የባሕር ዛፉም አጥር እየበዛ ይሄዳል።

መኪናው ጥቂት እንደ ሄደ እናቴ ቋጠሮዋን ፈታች፣ ስልኩን አየች፣ ወደ እኔም ዘረጋችው። «ይህ መስመር ለምን ጠፋ?» አለችኝ። ኔትወርኩ ሄዷል። ከፊታችን የተቀመጠ ወጣት ዘወር ብሎ በአካባቢው መስመሩ ከተበላሸ ሦስት ቀን እንደ ሆነው ነገረን። እናቴ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። «አሁን ቢደውልስ? ዛሬ ቢደውልስ?» ብላ ተነሥታ ቆመች፤ «ሹፌሩን አስቁመው፣ እኔ እወርዳለሁ፤ ቲሊሊ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት እንጂ የምላት ነገር አልነበረኝም። የእሷ ፍርሃት የእኔም ፍርሃት ነው፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ቢደውል፣ ያ ቀን ዛሬ ቢሆንና ባያገኘን፣ ያን ጸጸት ማን ይሸከመዋል?

ከጎናችን ጋቢ የለበሱ፣ ዕድሜያቸው ከ60 የሚዘል ገበሬ ነበሩ፤ 15 ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ትከሻቸው ላይ ተደግፏል። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ አይናገርም፣ አይሰማም። እኒያ አባት ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ «እታለም፣ ምን ገጠመሽ?» ብለው ጠየቁ፤ እናቴም ነገረቻቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «እኔ ይህን ልጅ ይዤ ስመጣ ዘንድሮ ሰባተኛዬ ነው። አልተናገረም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተናድጄ፣ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ወረድኩ። ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት መሰለሽ፤ እርሻው አስጠላኝ፣ ሚስቴን ተቆጣሁ፣ ልጁንም ማየት ጠላሁ። ኋላ ተመልሼ መጥቼ ለእግዜር ነገርኩት። ነግሬው ስወርድ ዓመቱን እችለዋለሁ፤ ይህን ልጅም እወደዋለሁ። አሁን እሱን ለማዳን ብቻ አይደለም የምመጣው።» ከዚያም ልጁን በእጃቸው ምልክት ጠርተው ከዳቦ ቆሏችን እንዲቆነጥር አደረጉት። እናቴ አልወረደችም። ስልኩንም መልሳ ቋጠረችው፤ እየደጋገመች ግን በጣቷ ትዳስሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ አንድ መምህር ስለ ቃና ሰርግ አስተማሩ። ወንጌሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መምህሩ ግን የቆሙት ብዙ ሰው በማይቆምበት ቦታ ነው። እመቤታችን «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» ባለችው ጊዜ ያገኘችው መልስ «ጊዜዬ ገና አልደረሰም» የሚል እንደ ነበር አስታወሱና፣ «እሺ ተብላ አይደለም ወደ አገልጋዮቹ የዞረችው፤ ገና ተብላ ነው» አሉ። «ገና በተባለችበት ሰዓት፣ ጋኖቹ ባዶ ሳሉ፣ ‹የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ› አለች።» ይህን ስሰማ ጉሮሮዬ ተያዘ። እኔ በአምስቱ ወር ውስጥ ስሻ የኖርኩት እሺ ወይም እምቢ የሚል መልስ ነበር፤ እምቢ ባገኝ እንኳ አልቅሼ እቀብረው ነበር። ያሰቃየኝ ይህ ገና የሚባለው ነው። በዚህ «ገና» ውስጥም ሰው ሊታመን እንደሚችል፣ ያውም ከሁሉ አስቀድማ እናት እንደ ታመነች፣ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሌሊቱን ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር በአንድ ቤት መሬት ላይ አደርን። እናቴ አልተኛችም።

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን፤ ግሽ ዓባይ

ወደ ምንጩ የሚጠጋ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ነው። ሰው የዓባይን መነሻ ሲያስብ ከዐለት ሥር እየተንደረደረ የሚወጣ ኃይለኛ ውኃ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ያየሁት ግን በረግረግ ሣር መካከል ቀስ ብሎ የሚፈልቅ ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሲሄድም ሕፃን ልጅ ሊሻገረው የሚችል ቀጭን ጅረት ነው። ስፔናዊው ካህን ጴድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እዚህ ቆመዋል፤ እነሱ የደከሙለት የወንዙን ምስጢር ለማወቅ ነበር። ዛሬ በዙሪያዬ የቆሙት ግን ዐይናቸው የታመመ፣ ልጅ ያጡ፣ አእምሯቸው የታወከባቸውን ዘመዶቻቸውን ደግፈው ያመጡ ሰዎች ናቸው።

አንድ አረጋዊ ካህን ተራ ለሚጠብቁት የጻድቁን ታሪክ ይነግሩ ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ አቡነ ዘርዐ ቡሩክን የንጉሥ ወታደሮች ሊያስሩ በመጡ ጊዜ መጻሕፍቶቻቸውን የሚያኖሩበት ስላልነበራቸው ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው ሄዱ። ዓመታት ታስረው ሲመለሱም ውኃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትጠፋ መለሰላቸው፤ የአገሩ ሰዎች ግሽ የሚለውን ስም ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ካህኑ ተረኩና በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ መጽሐፍን ለውኃ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡ። ብራና ነው፣ ቀለም ነው፤ ውኃ ጠላቱ ነው። አባታችን ግን አደራውን የሰጡት ለውኃው አልነበረም፤ ውኃውን ለፈጠረው ነው። ከሰጡም በኋላ ወታደሮቹን ተከትለው ሄዱ እንጂ ዳር ቆመው ረጠበ ወይስ አልረጠበም እያሉ አልጠበቁም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ቀስ ብላ ምንጩን፣ ከዚያም ጅረቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ አየች። «ይህ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና እንደሚገባ፣ ከባሕር ዳር ወጥቶ በጭስ ዓባይ እንደሚወርድ፣ ጎጃምን ዞሮ እኛ ሐሙስ ዕለት በተሻገርነው በረሃ እንደሚያልፍ፣ ከዚያም ሱዳን ገብቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር እንደሚገናኝ ነገርኳት። «ልጄ በሄደበት በሱዳን?» «አዎ፣ እማዬ። ሊቢያ ግን አይደርስም፤ ወደ ግብፅ ነው የሚሄደው።» ጥቂት አሰበችና «እሱ የማይደርስበትን እግዜር ይደርስበታል» አለች።

የሴቶቹ ተራ ሲደርስ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጥርሷ አምጥታ ቋጠሮውን ፈታች። አምስት ወር እየተቋጠረና እየተፈታ የነጠላው ጥለት በዚያ በኩል ሳስቶ፣ ክሩ ተበጣጥሷል። መሐረቡን ገለጠች፣ ስልኩን አወጣች፤ የቁልፎቹ ቁጥር በጣቷ ብዛት ጠፍቷል። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭና ያዘች። መስተዋቱ ጥቁር እስኪሆን ድረስ አየችውና በሁለት እጇ አቀበለችኝ። «አንተ ዘንድ ይሁን» አለች። ከዚያ ያለ አንዳች ነገር፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ጸበሉ ሄደች።

እዚያው ቆሜ ስልኩን ይዤ ሳለሁ አባታችን ሆይን ጀመርኩ። «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» አልኩ። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ስናገር በወንድሜ ሞት ላይ እንደ መፈረም አልሆነብኝም። ወንድሜን እኔ ከምወደው ይልቅ ለሚወደው፣ ያለበትንም ለሚያውቀው አደራ እንደ መስጠት ሆነብኝ። ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ደገምኩት።

እናቴ ስትመለስ ፀጉሯና ልብሷ ርሶ፣ ከብርዱ የተነሣ ከንፈሯ ይርገበገብ ነበር። ጋቢ አለበስኳት። ወደ አደርንበት ቤት ወርደን የገብስ እንጀራ በሽሮ ሲቀርብልን ድርሻዋን ጨርሳ በላች፤ ከነሐሴ ወዲህ ቁራሽ ቀማምሳ ከምትተወው በቀር እንዲህ ስትበላ አላየኋትም ነበር። የሳሙኤል እናት ሐና ትዝ አለችኝ። ሐና ከመቅደሱ ወጥታ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም ይላል መጽሐፉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ገና ሳትፀንስ፣ በእጇ ምንም ሳይኖር ነው። እናቴ ከበላች በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንደ ሕፃን እስከ ማታ ተኛች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን ስሰማ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

እኒያ አባትና ልጃቸው ከእኛ ቀድመው በእግር ሊወርዱ ተነሥተው ነበር። ልጁ አልተናገረም። አባቱ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የልጁን እጅ ይዘው «ለከርሞ ያገናኘን» ብለውን ሄዱ። ልጁ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ እጁን አነሣልን፤ እናቴም እስኪሰወሩ ድረስ ስታውለበልብ ቆየች።

እኛ የያዝነው መኪና ቲሊሊ ሲደርስ ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩት። መስመሩ ተመልሷል፤ ጥቂት ቆይቶም መልእክት መግባቱን የሚያሳይ ድምፅ ሦስት ጊዜ አሰማ። ልቤ ቆመ። ሁለቱ ከአዲስ አበባ ዘመዶች የተላኩ የበዓል መልካም ምኞቶች ነበሩ፤ ሦስተኛው የአክስቴ ነው፣ መቼ እንደምንመለስ ትጠይቃለች። ከወንድሜ የመጣ ነገር የለም። ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ ከፊቴ ሳታነብበው አልቀረችም። ዐይኗ እንባ ሞላ፣ በነጠላዋ ጠረገችው። ስልኩን ልመልስላት እጄን ስዘረጋ መዳፌን በእጇ አጠፈችና ወደ እኔ ገፋችው።

«ያዘው፣ ልጄ። ሲደውል ታሰማኛለህ» አለች። ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞራ፣ በሁለት ነጻ እጆቿ መዝሙረ ዳዊቷን ገለጠች።